ላም ያለችበት ወረቀት

ማናለብሽ የአማቷን ድምፅ የሰማችው አፏ ውስጥ ቸኮሌት እያለ ነው። የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቁራጩን በግራ ጉንጯ ይዛ እስኪሟሟ ትጠብቅ ነበር። እንደ ራቤል ባለ ደጋ ከተማ ቸኮሌት ቶሎ አይሟሟም። መጋቢትም ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ፍራሽ ሥር ሲያድር ድንጋይ ይሆናል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጠጠር፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጣፋጭ የሚሆነው። እሷ ደግሞ መጠበቅ ታውቅበታለች። ባሏ ባምላኩ ከአልጋ ወርዶ በሩን እስኪዘጋ ትጠብቃለች፣ አማቷ የማለዳ ጸሎታቸውን እስኪጀምሩ ትጠብቃለች፣ ከዚያ እጇን ከፍራሹ ሥር ትሰዳለች። ዛሬ ግን አማቷ ጸሎቱን ትተው ወሬ ጀመሩ።

«ይቺ ልጅ ጾም ገድፋለች» አሉ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ። «አንድ ቀን ቢሆን ልጅነት ነው ብዬ ባለፍኩት። ይኸው፣ ከኩበቱ ሥር የለቀምኩት። ላሚቱን እያት። ወተቱን እየው ሲንዠቀዠቅ።»

የብልጭልጭ ወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ። አማቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ፊደል አይለዩም፤ ቆብ ከደፉ ወዲህም ዳዊቱን የሚሰሙት ከሰው አፍ ነው። ላም ግን ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት መጠቅለያው ላይ የተሣለችውን ጥቁርና ነጭ ላም ካዩ ሌላ የሚነበብ ነገር አያስፈልጋቸውም። ጾሙ ሁዳዴ ነው፣ ነገ ደብረ ዘይት ነው፤ በዚህ ቤት እንኳን ወተቱ፣ ወተት የነካው ማንኪያም ከቅበላ ማግስት ጀምሮ ታጥቦ ለብቻው ተቀምጧል። «ይቺ ልጅ» የሚሏት ጥሩሸዋ ናት። የባምላኩ የአጎት ልጅ የሆነው የአበጀ ልጅ ናት፤ ከገጠር መጥታ እነሱ ዘንድ ተጠግታ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። የምትተኛው ማድቤት ነው፣ ከኩበቱ ክምር አጠገብ። ኩበት ሥር የተገኘ ነገር እንግዲህ የማን ሊባል ነው?

ባምላኩ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ስብሰባ ላይም ሆነ ቤቱ ውስጥ ከመናገሩ በፊት ጫማውን ያያል። «እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ አይደል» አለ በመጨረሻ። «አበጀ በግ ይዞ ገበያ መምጣቱ አይቀርም። ሲመለስ ይዟት ይሂድ።»

«መምሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ብቅ ብለው ቀኖናዋን ይስጧት» አሉ እማሆይ። «የሰው ልጅ ናት፣ ከነኃጢአቷ አንሰዳትም።»

ማናለብሽ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለመናገር ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል፣ አፏ ደግሞ ሥራ ይዟል። ቁራጩን ሳታኝክ ዋጠችው፤ ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ዓይኗን እንባ እስኪሞላው አስጨነቃት፣ ከዚያ እየፋቀ ወረደ። በዚህ መሐል ወሬው አለቀ። ባምላኩ ወጣ፣ እማሆይ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። እሷ ምላሷን በጥርሶቿ ዙሪያ አዞረች፤ ከተቦረቦረው መንጋጋዋ ውስጥ ቅሪቱን ልሳ አወጣችና እሱንም ዋጠችው። ያኔ ነው ራሷን የተጸየፈችው። በሰው ልጅ ላይ ሲፈረድ እየሰማች ምላሷ ፍርፋሪ ይፈልጋል።

መጠቅለያዎቹን ኩበት ሥር የምትወሽቀው ከኩበቱ ጋር እንዲቃጠሉ ብላ ነው። ማድቤቱ የጥሩሸዋ መኝታ መሆኑን አላሰበችውም ብንል ለእሷ ማድላት ይሆናል። አስባዋለች፤ ሆኖም የሰው ሐሳብ የማይመቸውን ነገር ወደ ጥግ መግፋት ይችልበታል። ቸኮሌቱ የጀመራት እንደ ዋዛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ድካሟን የሚያስረሳ አንድ ቁራጭ፣ ቀጥሎ በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ ቀጥሎ አንዱን ማታና ጧት እያካፈሉ። ዘጠና ብር ነው በቀን። መምህር ናት፣ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ዘጠናን በሠላሳ ማባዛት ለአራተኛ ክፍል ልጅ የምትሰጠው ጥያቄ ነው፤ የራሷን ግን አንድም ቀን አባዝታው አታውቅም። ባለፈው ወር እግሯን እያቃጠላት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ሲለኩት ነርሷ «ድንበሩ ላይ ነሽ፤ ጣፋጭ ነገር ዛሬውኑ ካላቆምሽ ክኒን ትጀምሪያለሽ፣ ከክኒን ደግሞ መመለስ የለም» ብላታለች። ከጤና ጣቢያው ወጥታ ልቧ ደንግጦ ስለነበር ለመረጋጋት ብላ አንድ ገዛች።

ማድቤት ስትገባ ጥሩሸዋ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አጭር፣ ደንዳና፣ ቅንድቧ የገጠመ ልጅ ናት፤ ምንጊዜም ቁጥር እንደምትደምር ግንባሯን ቋጠር ታደርጋለች። ጎኗ ላይ ፍራሽዋ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ደብተሮቿ ተደርድረው፣ በፌስታል ተሸፍነው ጢስ እንዳይነካቸው ከግድግዳው ራቅ ብለዋል። ማድቤቱና ሳሎኑ በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

«እትዬ፣ የመታጠቢያው ውሃ ሞቋል» አለች ቀና ሳትል።

ማናለብሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆመች። እንድትሸፍን ያደረጋት ብርዱ አይደለም። የገዛ ትንፋሽዋ ጠረን ይሸታት ጀምሯል፤ ጣፋጭና የኮመጠጠ ነገር፣ ሰነባብቶ እንደቆየ የፍራፍሬ ልጣጭ። አሁን እነግራታለሁ አለች በልቧ፤ «የእኔ ነው፣ ዝም በይ፣ እኔ እናገራለሁ» እላታለሁ አለች። ልጅቱ ምስሩን አስቀምጣ እሳቱ ላይ ኩበት ልትጨምር ተነሣች። ክምሩን ገፋ ስታደርገው እማሆይ ሳያዩት የቀረ አንድ ወረቀት ብቅ አለ፣ አራት ጊዜ ታጥፎ ጥፍር የሚያህል የሆነ። ጥሩሸዋ በሁለት ጣቷ አነሣችውና እሳቱ ውስጥ ጣለችው። ሽክክ ብሎ ተኮማተረ፣ ማድቤቱን የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሞላው። ማናለብሽ ውሃውን ቀድታ ወጣች።

ረፋድ ላይ ዘይትና ሽንኩርት ለመግዛት ብላ ወደ ገበያ ወጣች። ዘይትና ሽንኩርቱ እውነት ነው፣ አልቋል። ግን ዘይት የሚሸጡት ታች ነው፣ ሽንኩርቱም ከዘይቱ አጠገብ፤ ቸኮሌቱን የምትገዛበት የትዕዛዙ ሱቅ ደግሞ ከላይ ነው፤ እግሯ ወደ ላይ ወሰዳት። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፣ የገበያተኛው ጋቢና ባና በጤዛ ረጥቧል፣ በጎቹ በየገመዳቸው እየተጎተቱ ይጮኻሉ። ትዕዛዙ ከመስኮቱ ጀርባ ሲያያት ፈገግ አለና ምን ልስጥዎ ሳይል እጁን ወደ መስታወቱ ሣጥን ሰደደ። ይህ ነው ያበሸቃት። ስኳር ወይም ሳሙና ልገዛ እችል የለም ወይ?

«መቶ ገብቷል መምህርት» አለ በጋዜጣ እየጠቀለለላት። «ዶላሩ ነው።»

«ወተት የሌለበት የለም?»

«ጽሑፉን ካላነበቡት ሁሉም የጾም ነው» አለ ትዕዛዙ። ቀልዱ ነው፤ ለብዙ ደንበኛ ሳይነግረው አልቀረም፣ በልምድ ነው የሚለው። እሷም በልምድ ሳቀችለት። መቶ ብሩን ሰጥታው ጋዜጣውን ነጠላዋ ሥር ስትከተው ምራቋ አፏን ሞልቶት ነበር። ማር እንዳየ ልጅ ምራቅ ይሞላኛል እንዴ፣ በዚህ ቀን፣ አለች። ቢሆንም ከሱቁ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ተጠግታ ግማሹን በልታ ጨረሰች። ሰው እንዳያያት ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ጣቷን እየላሰች።

አበጀን ያገኘችው ከካቡ ዞር ስትል ነው። በጉን ሸጦ ገመዱን በእጁ ላይ ይጠቀልላል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ከዓይኑ በቀር ሁሉ ነገሩ የደከመ ሰው ነው። ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል፣ ለመምህርነቷ ብሎ ነው የሚያወልቀው። ስለምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ስለ እማሆይ ጉልበት፣ ስለ ባምላኩ ሥራ አንድ በአንድ ጠየቃት፤ እሷም ከንፈሯን ሳትከፍት ያህል መለሰችለት። በጉን ለፋሲካ ቢያቆየው እጥፍ እንደሚያወጣለት ነገራት። ለልጅቱ ፈተና መመዝገቢያና ጫማ ሲል ነው አሁን ያወጣው። ደግሞ አስተማሪዎቿ ካልኩሌተር ያስፈልጋታል ብለዋል፣ ያ ነገር ስንት ነው?

«እኔ ዘንድ አለ፣ አትግዙ» አለችው።

«እግዜር ይስጥሽ። እንደ እናት ነው የያዝሽልኝ።» ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ጾሟን ትጾማለች? እናቷ ከሁሉ እሱን ነው ጠይቅ ያለችኝ። ከተማ ነውና።»

«ትጾማለች» አለች ማናለብሽ። ያን ቀን ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄደም። ዘይቱና ሽንኩርቱ ተረስቶ አብረው ወደ ቤት ሲወርዱ እሱ ስለ በልግ ዝናብ ያወራል፣ እሷ የቀረውን ግማሽ ቸኮሌት ነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ይህን ሰው ወደ ምን እየወሰድኩት ነው ትላለች። መንገዱ ላይ ልትነግረው የምትችልበት ቦታ ብዙ ነበር። ወንዙ ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከበሩ ፊት። በየቦታው እዚያኛው ጋ እነግረዋለሁ እያለች አለፈችው።

ሳሎኑ ውስጥ መምሬ ወልደ አማኑኤል ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ ከቅዳሴ መውጣታቸው ነው፣ ደክሟቸዋል። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደርና የእመቤታችን ሥዕል። መካከሉ ላይ ባለው ጠረጴዛ እማሆይ ትሪ አስቀምጠዋል፤ ትሪው ላይ መጠቅለያዎቹ በእጅ ተዳምጠው፣ ላሞቹ ሁሉ ወደ ላይ እንዲያዩ ሆነው ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያስተካክሉ እንደዋሉ ያስታውቃል። ባምላኩ ከሶፋው ጥግ ተቀምጦ ጢሙን በጣቱ ይጠርጋል። ልማዱ ነው፤ ሁልጊዜ ጧት እሷን ሲያይ ከንፈሩን ጠረግ ጠረግ ያደርጋል።

ነገሩን እማሆይ ተናገሩት፣ አሳጥረው። አበጀ አልገባውም። ወረቀቶቹን አየ፣ ላሞቹን አየ፣ ልጁን አየ። ጥሩሸዋ በሩ ጋ ቆማለች፣ እጇ ላይ ገና የምስር አቧራ አለ።

«ልጄ» አሏት መምሬ፣ የሚያስፈራ ነገር በሌለው ድምፅ፣ «ይኼ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው አባቴ» አለች ጥሩሸዋ።

ማናለብሽ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ልጅቱ ልትክድ ነው ብላ ስትጠብቅ ነበር። ስትክድ፣ ስታለቅስ፣ «ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ» ብላ ወደ እሷ ስትጠቁም ጠብቃ ነበር፤ ያኔ መናገር ይቀላል ብላ ነበር። ልጅቱ ግን ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ጥፋቱን ተቀበለች። አበጀ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጨርቁን ይጨምቃል።

«ካመነች ከባድ አይደለም» አሉ መምሬ። «ልጅ ናት፣ ጣፋጭ ያሞኛል። ስግደት እሰጣታለሁ፣ ንስሐ ትግባ፣ ትምህርቷን ትማር።»

«ስግደቷን እናቷ ዘንድ ትስገደው» አሉ እማሆይ ፈጠን ብለው። «በእኔ ቤት አታድርም። ይኸው አመነች፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋ።» ከዚያ ወደ ማናለብሽ ዞሩና፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰምታው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ «ልጄ ማናለብሽ፣ አንቺ እዚህ አትቁሚ። ግቢና ምሳውን አሰናጂ» አሏት።

ለምን እንደ ለሰለሱላት ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ወደ ባሏ ዞረች፣ እሱ ይነግራታል ብላ ሳይሆን የሚታይ ሌላ ሰው ስላልነበረ። ባምላኩ እያያት ጣቱን ከከንፈሩ ጫፍ ላይ አድርጎ ጠረግ አደረገ። ደግሞ ጠረግ አደረገ። እሷም ሳታስበው እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ጣቷ ላይ ቡናማ ነገር ተለቅልቆ ተመለሰ።

ጢሙን አልነበረም የሚጠርገው። ጧት ጧት፣ ከሥራ ስትመለስ፣ እንግዳ ፊት፣ አፍሽን ጥረጊ ነው ሲላት የኖረው። ያውቃል። አማቷም ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የላም ትንፋሽ ሳይቀር ሲለዩ የኖሩ ሴት የምራታቸውን ትንፋሽ አጥተውት ነው? ሁሉም ያውቃል፣ ዝም የተባለው ለእሷ ተብሎ ነው፤ የመምህርት ደሞዝ ስላላት፣ የቤቱ ምራት ስለሆነች፣ መምሬ ፊት ስሟ እንዳይነሣ። ስም መሸፈን ነበረበት፣ መሸፈኛውም ተገኝቷል፤ ማድቤት የምትተኛ የዘመድ ልጅ። ማናለብሽ እስካሁን የተጸየፈችው ራሷን ብቻ ነበር፤ አሁን ሳሎኑን፣ ዳንቴሉን፣ ትሪውን፣ ያን ለስላሳ ድምፅ፣ የባሏን ጣት ሁሉ ተጸየፈች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ሁሉ እሷን ለማዳን የተደረገ መሆኑ ነው።

ከነጠላዋ ሥር ጋዜጣውን አወጣች። ጋዜጣውን ገለጠች፣ የቀረውን መጠቅለያ ቀደደች፣ ላሚቱ ያለችበትን ወረቀት ትሪው ላይ ከሌሎቹ ጎን አኖረችው። ከዚያ ቆማ፣ የነፍስ አባቷ ፊት፣ የደብረ ዘይት ዋዜማ ለት፣ ግማሹን ቸኮሌት እንዳለ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ማኘክ ብቻ ነበር። ብቻዋን ስትበላ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው፤ እርጥብ፣ ተለጣፊ፣ ውሻ ሲልስ እንደሚሰማው ያለ። ጥርሷ መሐል ይጣበቃል፣ ላንቃዋ ላይ ይለጠፋል፣ በከንፈሯ ጫፍ ይወርዳል፣ ሁሉም ያያሉ። ጣፋጩ አልመጣላትም። ጭቃው ጭቃ ሆኖ ቀረ።

«መምሬ፣ አይፍረዱባት» አሉ እማሆይ ድንገት። «ሕመምተኛ ናት። ሐኪም ያዘዘላት ነው።»

ማናለብሽ መዋጥ አቃታት። ወደ በሩ ሄዳ ደጁ ላይ ካለው አመድ ላይ ተፋችው፤ ከዚያ የቀረውንም በጣቷ ከጥርሷ ሥር እያወጣች ተፋችው። በነጠላዋ አፏን ጠርጋ ተመለሰች። የመምህር ድምፅዋ መልሶ መጣላት። «ሐኪም የከለከለኝ ነው» አለች። «ወረቀቶቹ በሙሉ የእኔ ናቸው። እነሱም ያውቃሉ።»

መምሬ መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። «ማናለብሽ፣ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ይበቃ ነበር እኮ» አሉ።

«በጆሮዎ ብነግርዎ ልጅቱ ትሄዳለች።»

አበጀ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው። ወደ ባምላኩ ዞሮ «ታውቅ ነበር?» አለው። ባምላኩ ጫማውን አየ። አበጀ ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺስ ምን ብለሽ ነው የእኔ ነው የምትይ?»

«ካልካድኩ ስግደት ሰጥተው ይተዉኛል ብዬ ነው» አለች ጥሩሸዋ። «ከካድኩ ግን ወይ እኔ ነኝ ወይ እትዬ ናቸው። ከሁለታችን ማን እንደሚወጣ አውቃለሁ።»

«ዕቃሽን አውጪ» አለ አባቷ። ወደ ገጠር እንዳይደለ ሁሉም ገባው፤ ሌሎቹ የገጠር ልጆች ከተማው ዳር ሁለት ሦስት እየሆኑ ክፍል ተከራይተው፣ በሳምንት በሳምንት ከቤታቸው ዱቄትና ሽሮ እያመጡ ነው የሚማሩት። የበጉ ብር ለጫማው መዋሉ ቀርቶ ለኪራይ ሊውል ነው። እማሆይ «አበጀ፣ ዘመድ አይደለንም ወይ፣ ምሳ ቅመስ» አሉት። አበጀ ለመምሬ ብቻ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመና ባርኔጣውን አጠለቀ።

ማናለብሽ አጥሩ በር ላይ ደረሰችባቸው። አባትየው ፍራሹን ተሸክሟል፣ ልጅቱ ደብተሮቿን በፌስታሉ አቅፋለች። ሩጫው እግሯን ያቃጥላታል፣ አፏ አሁንም ይጣበቃል። «ኪራዩን እስከ ፈተናዋ እኔ እከፍላለሁ» አለች።

«ከምንሽ?» አለ አበጀ። መዘባበቱ አይደለም፤ የመምህር ደሞዝ ምን ያህል እንደሆነ ሀገር ያውቃል።

«ከአፌ ቀንሼ።»

አበጀ ፍራሹን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ቁልቁለቱን ጀመረ። ጥሩሸዋ ግን ቆመች። ማናለብሽን ቀጥ ብላ አየቻት፤ እዚያ ቤት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ አይታት አታውቅም።

«አይችሉም እትዬ» አለች፣ አውቶቡሱ ሄዷል እንደምትል ሆና። «ሐሙስ ለት አልበላም ብለው ግማሹን ኩበቱ ሥር ጥለውት ነበር። ሌሊት መጥተው አወጡት። ኩበቱን በቀሚስዎ ጠርገው በሉት። እኔ አልተኛሁም ነበር።»

ማናለብሽ ዞር ብላ ወደ ቤቱ አየች፤ የሰማ ሰው የለም። ቢሰማም ግድ የላትም ነበር ማለት አይቻልም። ፊቷ ነደደ፣ ሐሙስ ሌሊት ጥርሷ መሐል የተንቀጫቀጨው ነገር ዛሬ እንደገና ተንቀጫቀጨ፤ የምትክደው ነገር ግን አላገኘችም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ፊት ለፊት የነገራት ይቺ የምትሄደዋ ብቻ ናት።

«እውነትሽን ነው» አለች። «እንግዲያው በእኔ አትተይው። ደሞዝ የገባ ለት ባንኩ በር ላይ ጠብቂኝ። ከእጄ ውሰጂው።»

ጥሩሸዋ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አሰበች። አባቷ ከታች ጠራት።

«እመጣለሁ» አለች። «ባንኩ በር ላይ ካጣሁዎ ትዕዛዙ ሱቅ እመጣለሁ።»